ወጋህ ወይስ ለበለበህ?

(በባሕር ዳር ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



የአማርኛ መምህር ነኝ። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጣና ዳር ወረድሁና «ያያችሁትን አንድ ሹል ወይም እሾሃም ነገር መርጣችሁ በጽሑፍ ግለጹልኝ» አልኋቸው። አንዱ ከአስጋሪዎች እጅ ያየውን ቀረሶ መረጠ። ሌላዋ አጋም መረጠች። ማጭድ የመረጠ ነበር፤ ሳማ የመረጠች ነበረች፤ የዘንባባ ቅጠል የመረጡም ነበሩ። ማታ ወረቀቶቹን ዘርግቼ ሳነብ ሁሉም ላይ አንድ ቅጽል አገኘሁ፦ ስለታም። ዓሣው ስለታም፣ አጋሙ ስለታም፣ ማጭዱ ስለታም፣ ሳማው ስለታም።

የማጭዱስ ልክ ነው። ሳማ ግን ስለት የለውም፤ በሳማ ተቆርጦ የደማ ሰው አይቼ አላውቅም። አጋምም አይቆርጥም፣ ይወጋል። ልጆቹን አልወቀስኋቸውም፤ ሁሉን በአንድ ቃል ጠቅልለን ያስረከብናቸው እኛ ነን። ያን ማታ እናቴ ትዝ አለችኝ።

በልጅነቴ ከጓሮ ወይም ከከብት ጥበቃ እያለቀስሁ ስመጣ እናቴ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ወጋህ ወይስ ለበለበህ?» ወጋኝ ካልሁ መርፌ ይዛ ወደ ብርሃን ታወጣኝና እሾሁን ትነቅሰዋለች። ለበለበኝ ካልሁ መርፌውን አታነሣም፤ የሚነቀስ ነገር እንደሌለ ታውቃለችና «አትከከው» ብላ እጄን ትይዘኛለች። ቆረጠኝ ካልሁ ንጹሕ ጨርቅ ትቀድዳለች። ከአፌ የሚወጣው አንድ ግሥ መድኃኒቱን ይመርጥላት ነበር።

ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ርቆ አይሄድም። አማርኛ እሾሃምና ሹል ነገሮችን የሚከፋፍላቸው በሚያደርሱት ቁስል ነው። ዐይን ለሚያየው ሹልነት ስም የሚያወጣለት ቆዳ ነው።

ከሁለት ግሦች ልጀምር፤ ሳለ እና ሾለ። ከሳለ ስል፣ ስለት፣ ስለታም ይወጣሉ፤ ሁሉም ስለ ጠርዝ ይናገራሉ። ከሾለ ሹል ይወጣል፤ እሱ ስለ ጫፍ ይናገራል። ምላጭ ስለታም ነው፣ ሹል ግን አይደለም። ወስፌ ሹል ነው፣ ስለት ግን የለውም፤ በወስፌ ሥጋ ልቁረጥ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ይውላል። ጦር ሁለቱንም አለው፤ የሚፈራውም ለዚሁ ነው። ቢላዋ ስለቱን ሲያጣ ደነዘ እንላለን፤ ይህንኑ ቃል ለሰው አእምሮም አውለነዋል። እርሳስ ጫፉን ሲያጣ ደግሞ ዶለዶመ ይባላል።

በጫፍ ቤት ውስጥ ራሱ ብዙ ክፍል አለ። ሾጣጣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄደው ነው፤ የዘጌን ደሴት መሰል ምድር ያያችሁ በክብ ቤተ ክርስቲያኖቹ ላይ የቆመውን የሣር ክዳን አስታውሱ። ሾጣጣ ነው፣ ማንንም ግን አይወጋም። ሞጥሟጣ ደግሞ የአፍና የፊት ቃል ነው፤ ወደ ፊት የሾለ አፍ ያለው ሰው ወይም እንስሳ ሞጥሟጣ ይባላል። ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ። በጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የባርበስ ወገን ዓሦች አሉ፤ ከአንድ አያት ተነሥተው በዚሁ ሐይቅ ውስጥ እንደየምግባቸው የተለያዩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ጣሊያናዊው ተመራማሪ ቢኒ በ1940 እ.ኤ.አ. አኩቲሮስትሪስ ብሎ ሰየመው። በላቲን ባለ ሹል አፍ ማለት ነው፤ ሌሎች ዓሦችን እያሳደደ የሚበላ ነው። ቢኒ ሁለት የላቲን ቃላት አጋጥሞ የሠራውን ስም አማርኛ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፦ ሞጥሟጣው።

ዓሣን ካነሣሁ ወደ ተማሪዬ ቀረሶ ልመለስ። የቀረሶ የጀርባ ክንፍ ከ15 እስከ 18 የሚደርሱ ጠንካራ እሾሆች ተደርድረው የያዙት ነው። ያን ቀን ዓሣውን ያሳዩን ሽማግሌ አስጋሪ ለልጁ ያሉትን እንዳልረሳ ጻፍሁት፦ «ልጄ፣ ከራሱ ወደ ጭራው እየዳበስህ ያዘው፤ ያን ጊዜ ይተኛልሃል። ከጭራው ወደ ራሱ የሄድህ እንደሆነ ግን ይቆምብሃል።» እኒህ አባት ቅጽል አልተጠቀሙም። ሁለት ግሥ ብቻ፤ ይተኛል፣ ይቆማል። ነገር ግን ከዚያ ክፍል ከተሰበሰቡት ወረቀቶች ሁሉ የበለጠ ዓሣውን ገልጸውታል። የቀረሶ እሾህ አቅጣጫ አለው፤ በመጣህበት መንገድ ለስላሳ ወይም ወጊ ይሆናል። ስለታም የሚለው ቃል ይህን ከቶ ሊናገር አይችልም።

ከቀረሶ ጎን አምባዛ ተኝቶ ነበር። አምባዛን ልጆቹ ፈሩት፤ በአፉ ዙሪያ ስምንት ረጃጅም ጢም አለውና። ጢሙ ግን ለስላሳ ነው፤ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ምግቡን የሚዳስስበት ጣቱ ማለት ነው። የሚወጋው በጎንና በጎኑ በደረት ክንፉ ውስጥ የተሸሸገ አንድ አንድ አጥንት ነው። ስለዚህ «የሚወጋ መሳይ» እና «የሚወጋ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዘንባባችንም እንዲሁ ነው። የባሕር ዳርን ጎዳናዎች ያስዋበውን፣ በሆሣዕና ቀለበትና መስቀል እየሠራን በጣታችንና በራሳችን የምናስረውን ዘንባባ ሁላችንም በለስላሳነቱ እናውቀዋለን። ከግንዱ የሚቆርጠው ሰው ግን ሌላ ነገር ያውቃል፤ በቅጠሉ ዘንግ ሥር፣ ከግንዱ አጠገብ፣ ትንንሾቹ ቅጠሎች ወደ እሾህነት ተለውጠው ይጠብቁታል።

አሁን ወደ ቁጥቋጦው እንግባ። እሾሃም ማለት እሾህ የበዛበት ማለት ነው፤ ሀብታም፣ ቀንዳም እንደምንለው። እሾሃማ ስንል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቦታ ነው፤ ድንጋያማ፣ ተራራማ እንደምንለው። ሁለቱም እሾህ መኖሩን ይነግሩናል፣ እሾሁ ምን እንደሚያደርግ ግን አይነግሩንም። ያንን የሚነግረን የተክሉ ስም ራሱ ነው፤ የገጠር ሰው አጋም ሲል ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ገብቶ የሚሰበር እሾህ ይታየዋል። ቀጋ ሲል ቆልመም ያለ እሾህ ይታየዋል፣ ቀይ ፍሬውም ምራቁን ያመጣበታል። ጨጎጊት ሲል ወጊ አያስብም፤ ነጠላ ላይ ተጣብቆ የሚመጣ ነገር ያስባል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን ቀንጠፋ ነው። የቀንጠፋ እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። ስትገባ ዝም ይላል፤ ልውጣ ስትል ይይዝሃል። በኃይል በጎተትህ ቁጥር ይጠልቃል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከ1770 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በጎንደር ተቀምጦ፣ በጣናም ዳርቻ አልፎ እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ ተጉዞ ነበር። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለቀንጠፋ ለብቻው ሥዕልና ሐተታ ሰጥቶታል። ወታደሩ ሳይቀር እንደሚፈራው ጽፏል። ንጉሡ ለዘመቻ ሲነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገልጽ፣ በአራቱም ማዕዘን ያለው ቀንጠፋ ይቆረጥ የሚል ዐዋጅ ያስነግር እንደ ነበርም ይተርካል። አንድ ጊዜ ቀንጠፋው የዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትን መጎናጸፊያ ያዘባቸውና መንገዱን ያላስጠረገው የአገሩ ሹም በሕይወቱ እንደከፈለ ብሩስ ጽፏል። እስቲ አስቡት፤ በጦር ያልተያዘ ንጉሥ በቁጥቋጦ ተያዘ። ይህን እሾህ ሹል ብሎ ብቻ ማለፍ የዐዋጁን ምክንያት መሳት ነው። የቀንጠፋ ጠባዩ መያዝ ነው፤ ትክክለኛ ቅጽሉም ያዥ ነው።

ሳማ ሌላ ወገን ነው። በቅጠሉና በግንዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች እንደ ቀጭን መርፌ ናቸው፤ ሲነኩ ይሰበሩና የሚያቃጥል ፈሳሽ ወደ ቆዳ ይለቃሉ። ስለዚህ አማርኛ ወጋኝ አላለም፤ ለበለበኝ አለ፣ የእሳትን ቃል ሰጠው። ማይክሮስኮፕ ከመምጣቱ በፊት የተሰጠ ቃል መሆኑን ልብ በሉልኝ። እነዚያ ፀጉሮች መርፌ መሆናቸውን ሳይንስ ኋላ አወቀ፤ ጉዳቱ የማቃጠል መሆኑን ግን እናቶቻችን ቀድመው ያውቁ ነበር። ሳማ ሲቀቀል ኃይሉን ያጣል፤ በጎጃምና በጎንደር ደጋ በጾምና በችግር ጊዜ ወጡ ተበልቷል። ይህ የኢትዮጵያ ሳማ ደግሞ በአገራችን ብቻ የሚበቅል ዝርያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ እርሱም የሕመም ቋንቋ ነው። ሰው ሆዱን ሲያመው ቁርጠት ይላል፣ ጎኑን ሲያመው ውጋት ይላል፣ መገጣጠሚያውን ሲያመው ቁርጥማት ይላል። ዐይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ የመሰለው ሰው ይቆረቁረኛል ይላል፤ ብርሃን ያስቸገረው ደግሞ ዐይኔን ይወጋኛል ይላል። እነዚህ ሁሉ ከቢላዋ፣ ከእሾህና ከኮረት የተወሰዱ ቃላት ናቸው፤ ሰው የማይታየውን ሕመሙን ለሌላ ሰው የሚያሳየው ሁለቱም በሚያውቁት ሹል ነገር ነው። በውጭ አገር ቋንቋ የተማረ ወጣት ሐኪም ከፎገራ ወይም ከደምቢያ የመጡ እናት «ልጄ፣ ጎኔን ሰቅዞ ይወጋኛል» ሲሉት የነገሩትን በትክክል መስማት አለበት። እኒህ እናት ያማረ ንግግር ሊያሰሙት አልመጡም፤ ምርመራውን በግማሽ እየሠሩለት ነው።

ቆዳ ሳይቀደድ የሚሰማው ሻካራነትም የራሱ ቤተሰብ አለው፤ በአጭሩ ልለፈው። ሻካራ በእጅ ይዳበሳል። ኮስኳሳ በገላ ይለበሳል፤ እንደ አዲስ በርኖስ። ጎርባጣ ደግሞ በጀርባ ይተኛበታል፣ በእግር ይኬድበታል። ሰው ራሱ ሻካራ፣ ኮስኳሳ፣ ጎርባጣ ሲባል ሦስት የተለያየ ጠባይ እንደሚታየን ታውቃላችሁ፤ ሻካራው ይናገርሃል፣ ኮስኳሳው አይመችህም፣ ከጎርባጣው ጋር አብረህ ማደር አትችልም።

ስለ ድምፅም ትንሽ ልበል። በ1929 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቮልፍጋንግ ኮህለር ሁለት ሥዕሎችን አቀረበ፤ አንዱ ማዕዘን የበዛበት፣ ሌላው ክብ። ታኬቴ እና ባሉማ የሚሉ ትርጉም የሌላቸው ሁለት ቃላትም አዘጋጀ። ብዙ ሰው ታኬቴን ለማዕዘናሙ፣ ባሉማን ለክቡ ሰጠ። በ2001 እ.ኤ.አ. ራማቻንድራን እና ሃባርድ ያንኑ ነገር ኪኪ እና ቡባ በሚሉ ቃላት ደግመው አነሡት። የእኛን ቋንቋ በዚህ ዐይን እንየው። ድቡልቡል በሉ፤ አፋችሁ ራሱ ይከብባል። ከዚያ ጥርስ፣ ጥፍር፣ ጦር፣ ጫፍ፣ ምላጭ፣ ቀንጠፋ በሉ፤ ጠ፣ ጨ እና ቀ በጉሮሮ ተቋጥረው ሲፈነዱ ይሰማችኋል። ለሹል ነገር እንደ አማርኛ የተመቸ ድምፅ ያለው ቋንቋ ጥቂት ይመስለኛል።

ነገር ግን ልጠንቀቅ። እሾህ ራሱ ምን ዓይነት ቃል ነው? ከትንፋሽ የተሠራ ለስላሳ ቃል ነው። ሹል፣ ስል፣ ስለት፣ ሳማ፤ አንዳቸውም በጉሮሮ ተቋጥሮ የሚፈነዳ ድምፅ የላቸውም። እሾህ የመጣው ሦክ ከሚለው የግእዝ ቃል ነው፤ በሕማማት ሰሞን ስለ አክሊለ ሦክ ሲነበብ የሰማችሁት ነው። የጎንደር ነገሥታት ያከብሩት የነበረው፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው የኩርዓተ ርእሱ ሥዕልም የሚያሳየው ያንኑ የእሾህ አክሊል የደፋውን ጌታ ነው። እንግዲህ ድምፅ ሁሉን አይገልጽም። አንድ አስተያየት ብቻ ልጣል፤ እሾህ የወጋው ሰው በጥርሱ መካከል አየር እየሳበ እስስ ይላል፤ ሰ እና ሸ የሹል ነገር ድምፅ የመሰሉኝ ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለትን ካነሣን ደግሞ በጣና ገዳማት አካባቢ ለሚኖር ሰው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በጀልባ የሚሻገር ምእመን ስለት ይዞ ይሄዳል። የቢላዋው ስለትና የተሳለው ስለት ዛሬ በአፋችን አንድ ሆነዋል፤ ሥረ ቃላቸው ግን ሁለት ነው። የቢላዋው ሰሐለ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፣ ሳለ ማለት ነው። የምእመኑ ስለት ደግሞ ስእለት ነው፤ ሰአለ፣ ለመነ ከሚለው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲተው ልመናና ምላጭ በአንድ ቃል ተገናኙ። አንዳንዶች በዚህ ላይ ትልቅ ምሥጢር ሊሠሩበት ይሞክራሉ፤ እኔ አልስማማም። ቃላት እንደ ሰው መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ መገናኘታቸው ዘመድ አያደርጋቸውም።

ወደ ማብቂያዬ ስቀርብ ስለ ሁለት ተክሎች ልንገራችሁ። አንደኛው አሜከላ ነው። አብዛኞቻችን ከኦሪት ዘፍጥረት የተነሣ እሾህና አሜከላ እያልን አጣምረን እንጠራቸዋለን፤ አሜከላ ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ ግን የከተማ ሰው አይጠይቅም። የፎገራ ገበሬ ይህ ጥያቄ አያስፈልገውም። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ በሚያጠጡት ረባዳ ሜዳ ላይ ይበቅልበታል። ረጃጅም እሾሆቹ በየአንጓው ዙሪያ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የታወቁት የፎገራ ከብቶች አይነኩትም፣ በአጠገቡ ያለውን ሣርም አፋቸውን አስገብተው ሊግጡት አይችሉም። በዚህ መንገድ የግጦሹን መሬት ቀስ በቀስ ከከብቱ ይወስደዋል።

ሁለተኛው እሾህ የለውም። ቅጠሉ አረንጓዴና ወዝ ያለው፣ አበባው ሐምራዊ፣ ለዐይን የሚያምር ነው። ስታሹት አይሻክርም፣ ስትይዙት አይወጋም። እምቦጭ ይባላል። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ መስፋፋቱ በይፋ ከታወቀ ወዲህ የአስጋሪውን መረብ፣ የታንኳውን መንገድ፣ የዓሣውን መራቢያ ሸፍኗል፤ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል። የሹል ነገር ቃላት ሁሉ ያሉን ሕዝብ ይህን ተክል የሚያስጠነቅቅ አንድ ቅጽል አልነበረንም፤ ቋንቋችን የተሠራው ቆዳችንን ለሚነካው ጉዳት ነውና። ቁልቋልን በተመለከተ ግን አባቶች ትንሽ ጠልቀው አይተዋል። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይላሉ፤ ቁልቋል ራሱ እሾህ እያለው አልቃሽ ያደረጉት ሲወጋ ነጭ ወተቱን ስለሚያፈስ ነው። ያ ወተት ደግሞ ዐይን ውስጥ ቢገባ ከእሾሁ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ወላጆች ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ልጆቻችሁን በበዓል ቀን በሐይቁ ዳር ስታንሸራሽሩ አጋምን፣ ቀንጠፋን፣ ሳማን፣ ጨጎጊትን በስማቸው አሳዩአቸው፤ ቀረሶውን ከራሱ ወደ ጭራው አስዳብሱአቸው። ከመካከላቸው አንዱ እያለቀሰ ወደ እናንተ ሲሮጥም መርፌ ወይም ጨርቅ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁት፦ ወጋህ፣ ቆረጠህ፣ ያዘህ፣ ወይስ ለበለበህ?